የሁለት ሴኮንድ ኀዘን

ከዚህ ገጽ አንባብያን አንዱ በላኩልን ደብዳቤ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውናል። «እርስዎ ስለ ሩጫ በጻፉ ቍጥር ትዕግሥት አሰፋን የማራቶን ሴቶች ሁሉ አለቃ አድርገው ያነሣሉ። ነገር ግን በ2017 ዓ. ም. የዓለም መዝገብ የመሰከረው ለሌላይቱ ሴት ነው፤ በታላላቆቹም ውድድሮች መጨረሻ ላይ ወርቁን ሲወስዱባት በዓይናችን አይተናል። ታዲያ ይህ የእርስዎ ቃል ፍርድ ነው ወይስ ፍቅር ነው?»

ጥያቄው የሚገባ ነው። ጸሐፊው ስማቸው እንዳይነገር ስለ ለመኑ አልጠራቸውም እንጂ፥ በቢሮ ሥራ የኖሩ ሰው መሆናቸውን ከእጅ ጽሕፈታቸውና ከጥያቄያቸው አቀማመጥ ዐውቄዋለሁ። እኔም በአጭሩ «ፍቅር ነው» ብዬ ልመልስላቸው አስቤ ነበር። ነገር ግን ይኸው ጥያቄ ከ2018 ዓ. ም. መስከረም ወር ጀምሮ በገዛ ቤቴ ውስጥ እኔን ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ሲያከራክረኝ የቈየ ነገር ስለ ሆነ፥ ክርክሩን እንዳለ ላቀርብላቸው ወደድሁ።

አስቀድሜ ስለ አንድ መዝገብ ልንገራችሁ። ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ. ም. ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ከተማ የኦሎምፒክን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሴኮንድ አሸንፋ ወርቁን ስታጠልቅ፥ እኔ ገና አዲስ የተቀጠርሁ ጸሐፊ ነበርሁ። በማግሥቱ ከቢሮ ስወጣ ጥቍር ቆዳ የለበሰ አንድ የሒሳብ መዝገብ ገዝቼ ስሟንና ሰዓቷን በሰማያዊ ቀለም ጻፍሁበት። ከዚያ ወዲህ ያመለጠኝ ትልቅ ውድድር ጥቂት ነው። የእኛ ሰዎች በሰማያዊ፥ የሌላ አገር ሰዎች በጥቍር ቀለም ይጻፋሉ። ቀይ ቀለም የሚወጣው ስሕተት ለመሰረዝ ብቻ ነው። ባለቤቴ ይህን መዝገብ «የእርስዎ ዳዊት» እያለች ትቀልድበታለች፤ እኔም አልቀየማትም፤ በእውነትም ሌሊት ሌሊት እደግመዋለሁና።

እንግዲህ መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ. ም. ለእሑድ አጥቢያ፥ በቶኪዮ ከተማ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን የሚሮጥበት ሌሊት ነበረ። ሙቀቱ ስለ ተፈራ መነሻው በግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ፥ በእነርሱ አቈጣጠር ጠዋት 7 ሰዓት ተኩል ሆነ። ይኸው ቅጽበት በእኛ አቈጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ስለዚህ በቶኪዮ ያለ ሰው ሰዓትና በእኛ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት አንድ ቍጥር ያሳዩ ነበር። አማቴ ለዘመን መለወጫ መጥተው ከእኛ ዘንድ ሰንብተው ነበርና፥ ይህን በነገርኋቸው ጊዜ «ሰዓቱ አንድ ከሆነ እዚያ ፀሐይ፥ እዚህ ጨለማ ስለ ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ። ልጄ ልታስረዳቸው ሞከረች፤ እኔ ግን ሯጮቹ ተነሥተው ስለ ነበር ዝም እንድትል በእጄ ጠቀስኋት።

የዐውደ ዓመቱ ቄጠማ ገና ከወለሉ አልተጠረገም፤ ዐደይ አበባውም በብርጭቆ ውስጥ ነበረ። ባለቤቴ ቡና አፈላች። ሁለት ሰዓት ያህል ከተሮጠ በኋላ ነገሩ ወደ ሁለት ሴቶች ዞረ፤ አንዲቱ የእኛዋ ትዕግሥት አሰፋ፥ ሁለተኛይቱ የኬንያዋ ፔሬስ ጀፕቺርቺር። ሁለቱም ተያይዘው ወደ ስታዲየሙ ገቡ። ትዕግሥት ወደ ፊት ሳብ ባለች ጊዜ እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምሁ፤ አማቴም አብረውኝ እልል አሉ። ነገር ግን በመጨረሻው ቀጥታ መንገድ ላይ ጀፕቺርቺር ከጎኗ ወጥታ አለፈቻት። የጀፕቺርቺር ሰዓት 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ43 ሴኮንድ፤ የትዕግሥት 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ተሮጦ ልዩነቱ ሁለት ሴኮንድ!

አማቴ ግን ቶሎ ተጽናኑ። ከሁለቱ በኋላ ብቻዋን እየሮጠች የገባችው ጁሊያ ፓተርናይን የምትባል የኡራጓይ ሴት ናት፤ ሦስተኛ መሆኗን እንኳ አላወቀችም ነበር። ሰዎች ሲነግሯት እንደ ሕልም ሆነባት። በዓለም ሻምፒዮና ለአገሯ የመጀመሪያው ሜዳይ ይኸው ነሐስ ነው። አማቴም «ሳያውቁ ማግኘት ይሻላል፤ ዐውቆ ከማጣት» ብለው ወደ መኝታቸው ሄዱ። እኔ መዝገቡን ገልጬ ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥሁት። የቶኪዮን መስመር ለመጻፍ እጄ እንቢ አለኝ።

በማግሥቱ ሳምንት በቢሮ የሰማሁት ወሬ ይህን ኀዘን አባሰው እንጂ አላስታገሠውም። የቶኪዮው ሻምፒዮና ሲያበቃ ኢትዮጵያ ያገኘችው ሁለት ብርና ሁለት ነሐስ ነው፤ ወርቅ የለም። ኬንያ ሰባት ወርቅ ወስዳለች። «ሩጫችን ወደቀ» የሚል በየመተላለፊያው በዛ። እኔ እንደዚህ ያለውን ንግግር አልወድም። ዮሚፍ ቀጄልቻ በ10,000 ሜትር ያገኘው ብር፥ ጉዳፍ ጸጋይ በ10,000 ሜትርና ሲምቦ ዓለማየሁ በመሰናክል ያገኙት ነሐስ የወደቀ አገር ምልክት አይደለም። ነገር ግን የትዕግሥት ብር ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ አቃጠለኝ፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስባት ይህ ለሦስተኛ ጊዜ ነው።

ነገሩን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ሚያዝያ 13 ቀን 2016 ዓ. ም. በሎንዶን ይኸችው ጀፕቺርቺር በ2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አንደኛ ስትሆን፥ ትዕግሥት በሰባት ሴኮንድ ተቀድማ ሁለተኛ ወጣች። ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ. ም. ደግሞ በፓሪስ ኦሎምፒክ በሦስት ሴኮንድ ተቀደመች። በቶኪዮ በሁለት። ሰባት፥ ሦስት፥ ሁለት፤ ልዩነቱ እያደር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ወርቁ ግን አልመጣም።

ስለ ፓሪሱ ቀን በቤታችን ሌላ ክርክር ነበረ። በዚያ ቀን ያሸነፈችው ሲፋን ሐሰን ናት። ሲፋን በአዳማ የተወለደች፥ በዐሥራ አምስት ዓመቷ በ2000 ዓ. ም. ከአገር ወጥታ በስደት ኔዘርላንድ የገባች፥ ለዚያችም አገር የምትሮጥ ሴት ናት። በዚያ ኦሎምፒክ በ5,000 ሜትርም በ10,000 ሜትርም ነሐስ አግኝታ፥ ከ10,000 ሜትሩ በኋላ ገና ሁለት ቀን ሳይሞላት ማራቶኑን ተነሣች። ወደ መጨረሻው መታጠፊያ ሲደርሱ ሁለቱ ተገፋፉ፤ ክንድ ከክንድ ተነካካ፤ ሲፋን በውስጥ በኩል ሾልካ በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ ገባች። ይህ ሰዓት ቲኪ ገላና በ2004 ዓ. ም. በሎንዶን ያቆመችውን የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ያሻሻለ ነው፤ የትዕግሥትም ሰዓት እንዲሁ ከቲኪ ሰዓት የተሻለ ነበረ። ኢትዮጵያ ስለ መነካካቱ ክስ አቀረበች፤ ዳኞቹ አልተቀበሉትም።

በዚያ እሑድ ጠዋት እኔ በቁጣ ስንቀጠቀጥ አማቴ ግን ያጨበጭቡ ነበር። የአዳማ ሰው ናቸውና «ይህችስ የማን ልጅ ናት? እኛው አይደለን የወለድናት?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የውድድሩን መጨረሻ ደጋግሜ ተመለከትሁት። አንባቢዬ ፍርድ ነው ወይስ ፍቅር ብለው ጠይቀውኛልና እነሆ ፍርዴ፤ ክሱ ባይቀርብ ይሻል ነበር። ትዕግሥት መንገዱን ለመዝጋት ወደ ውስጥ ጠጋ ብላ ነበረች፤ ሲፋንም ያገኘችውን ቀዳዳ ተጠቀመችበት። በ42ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ክንድን ሰብስቦ መሮጥ ለማንም አይቻልም።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው፥ እኔም ብዙ ሌሊት የተጨነቅሁበት አንድ ነገር አለ። ትዕግሥት ከማራቶን በፊት የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች። በ2006 ዓ. ም. 800 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ከ24 ማይክሮ ሮጣለች፤ በ2008 ዓ. ም. በሪዮ ኦሎምፒክ የተሰለፈችው በዚሁ ርቀት ነው። እንግዲህ እግሯ ፈጣን የሆነች ሴት በመጨረሻው 200 ሜትር ላይ ስለ ምን ትቀደማለች? የእኔ መልስ ይህ ነው። ያረፈ እግር ፍጥነትና 42 ኪሎ ሜትር የሮጠ እግር ፍጥነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከዚህም በላይ ሲፋንና ጀፕቺርቺር ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ መጨረስን የለመዱ ናቸው። ትዕግሥት ግን እጅግ የገነነችበት ውድድር ከሰው ጋር ሳይሆን ከሰዓት ጋር የታገለችበት ነው።

ይህም መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ. ም. በበርሊን የሆነው ነው። በዚያ ቀን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ሮጠች። ከዚያ በፊት የነበረው የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ4 ሴኮንድ ነበርና፥ በአንድ ጠዋት ከሁለት ደቂቃ በላይ ቀነሰችለት። በማራቶን ሴኮንድ እንደ ወርቅ በሚዛን የሚለቀምበት ዘመን፥ ሁለት ደቂቃ ከዐሥራ አንድ ሴኮንድ መቀነስ ምን ያህል እንደ ሆነ ማስረዳት ይቸግረኛል። በመጨረሻው ላይ ጫማዋን አውልቃ ከፍ አድርጋ አሳየች። ያ ጫማ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን፥ ዋጋው 500 የአሜሪካ ብር የሆነ፥ ለአንድ ማራቶን ያህል ብቻ እንዲያገለግል የተሠራ ነው። ባለቤቴ ዋጋውን ስትሰማ «አንድ ቀን ብቻ? የሙሽራ ጫማ እንኳ ከዚያ ይበልጣል» አለች። በዚያ ቀን በበርሊን ወንዶችም ሴቶችም በአንድነት ስለሚሮጡ ከትዕግሥት ፊት መንገድ የሚመሩ ወንዶች ነበሩ። ይህንንም መናገር ይገባል፤ ወዳጅ የሆነ ሰው የወዳጁን ነገር ግማሹን ብቻ ሊያወራ አይገባውምና።

ክብረ ወሰኑ በእርሷ እጅ የቈየው ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ቀን ነው። ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ. ም. በቺካጎ የኬንያዋ ሩት ቼፕንጌቲች 2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ56 ሴኮንድ ሮጠች። ከ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ በታች የገባች የመጀመሪያይቱ ሴት ናት። በዚያ ውድድር ሁለተኛ የወጣችው የእኛዋ ሱቱሜ አሰፋ ከበደ ናት፤ ሰዓቷ 2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ32 ሴኮንድ። በአንደኛይቱና በሁለተኛይቱ መካከል ሰባት ደቂቃ ተኩል አለፈ። እኔ በዚያ ሌሊት በጥቍር ቀለም የቼፕንጌቲችን ሰዓት ጻፍሁ፤ ደስ ሳይለኝ ጻፍሁ እንጂ ጻፍሁ።

ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ. ም. ወሬው ተሰማ። መጋቢት 5 ቀን ከቼፕንጌቲች በተወሰደው ሽንት ውስጥ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለ መድኃኒት ተገኝቷል። ይህ መድኃኒት ሐኪሞች ለደም ግፊት የሚያዝዙት፥ ውኃን ከሰውነት የሚያስወጣ ነው። ለሯጭ የተከለከለበትም ምክንያት፥ ሌላ የተወሰደ ነገር ካለ ምልክቱን አሳጥቦ ሊደብቅ ስለሚችል ነው። መመዝገብ የሚጀምረው መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ናኖግራም ሲሆን፥ በእርሷ ላይ የተገኘው ወደ 3,800 ይደርስ ነበር። በመጀመሪያ ከየት እንደ መጣ አላውቅም አለች፤ በኋላ ግን ታምማ ሳለች የቤት ሠራተኛዋን መድኃኒት እንደ ወሰደች ተናገረች። ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ. ም. የሦስት ዓመት ቅጣት መቀጣቷ ተገለጠ። አራት ዓመት ሊሆን ሲገባው፥ ጥፋቷን በጊዜው ስላመነች አንድ ዓመት ተቀነሰላት።

እኔ ግን ፍርዱን አልጠበቅሁም። የሐምሌው ወሬ በተሰማበት ማታ መዝገቡን አውጥቼ፥ የቺካጎውን መስመር በቀይ ቀለም ሰርዤ፥ በበላዩ የትዕግሥትን ስም መለስሁት። እንዴት ያለ እፎይታ እንደ ተሰማኝ አልደብቃችሁም።

የጥቅምቱ ፍርድ ሲወጣ ታዲያ ዳኞቹ እንደ እኔ አላደረጉም። ከመጋቢት 5 ቀን ወዲህ ያለው ውጤቷ ይሰረዛል፤ ከዚያ በፊት የሠራችው ግን፥ የቺካጎውም ክብረ ወሰን ጭምር፥ እንደ ጸና ይቆያል ተባለ። ጉዳዩን የያዘው ክፍል በስልኳ ላይ ያገኛቸውን አጠራጣሪ ነገሮች መመርመሩን እንደሚቀጥል በዚያው ጊዜ አስታውቋል። እኔም ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ «ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ሌባ በመጋቢት ቢያዝ በጥቅምት የገዛው በሬ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅምን?» እያልሁ ጮኽሁ።

ልጄ የሕግ ተማሪ ናት። በትሕትና እንዲህ አለችኝ። «አባዬ፥ በሬው የተሰረቀ መሆኑን የሚያሳይ ምስክር ያስፈልጋል። በመጋቢት መስረቁ ተመስክሮበታል፤ በጥቅምት መስረቁ ግን አልተመሰከረበትም። ጥርጣሬ ብቻውን ንብረት አያስወርስም።»

«ሰባት ደቂቃ ተኩል ቀድማ መግባቷ ራሱ ምስክር ነው» አልኋት።

«ትዕግሥት በበርሊን ከሁለት ደቂቃ በላይ በአንድ ቀን የቀነሰች ጊዜ ፈረንጆቹ ስለ እርሷ ተመሳሳይ ነገር ሲያወሩ እርስዎ ተቈጥተው አልነበረምን?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። እውነት ነው፤ በዚያን ጊዜ አንዳንድ ሰዎች ስለ ጫማው፥ አንዳንዶቹም ያለ አንዳች ማስረጃ ስለ ሌላ ነገር ሲያሙ ሰምቼ፥ «ያለ ማስረጃ ሰውን ማማት የባለጌ ሥራ ነው» ብዬ በዚሁ ገጽ ላይ ጽፌ ነበር። ልጄ ያንን ጽሑፍ ቆርጣ አስቀምጣው ኖሯል።

ከዚያም አንድ ጥያቄ ጨመረች። «ይህች ሴት የእኛ ብትሆን ኖሮ በቀይ ቀለም ይሰርዟት ነበርን?»

አንባብያን ሆይ፤ በዚህ ጊዜ መዝገቡ በጉልበቴ ላይ ነበረ። ወደ ኋላ ገልጬ አየሁ። ከእኛ ሯጮች መካከል በተከለከለ መድኃኒት የተቀጡ እንዳሉ ማንም የሚያውቀው ነው። ከእነዚያ የአንዱ ስም በመዝገቤ ውስጥ በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ አገኘሁት። ቀይ አልነካውም። ቅጣቱ በተሰማበት ዓመት ያን ገጽ ገልጬ እንደ ነበር፥ ከዚያም ምንም ሳልጽፍ መልሼ እንደ ዘጋሁት አስታውሳለሁ። ልጄ አጠገቤ ቁማ ታይ ነበር፤ አንዲት ቃል አልጨመረችም። ብትናገረኝ ይቀለኝ ነበር።

ባለቤቴ ከወዲያ ማዶ ተቀምጣ ነጠላዋን ትቋጭ ነበር። ቀና ሳትል «የእርስዎ ጠብ ከቺካጎው መስመር ጋር አይደለም፤ ከሁለቱ ሴኮንድ ጋር ነው። ከእነርሱ ጋር መጣላት ስላልቻሉ ከመጽሐፉ ጋር ይጣላሉ» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ጋብቻ ይህን ያህል ያስተውላል። እርሷ ከትዕግሥት ሩጫ አንዱንም ሰዓት በቃሏ አታውቅም፤ እኔ ግን ሁሉንም እያወቅሁ ይህን አላየሁትም ነበር።

ስለዚህ ለደብዳቤው ጸሐፊ ስለ ራሱ ስለ ሩጫው የማምነውን ልንገራቸው። ትዕግሥት አሰፋን ማንም ካልጠየቀኝ የማመሰግንባት ቀን የበርሊኑ አይደለም፤ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ. ም. በሎንዶን ያደረገችው ነው። በሎንዶን ሴቶቹ ብቻቸውን ቀድመው ይነሣሉ፤ መንገድ የሚመራ ወንድ የለም። በዚያ ቀን ጀፕቺርቺር በጉዳት ምክንያት አልተሰለፈችም፤ ሲፋን ሐሰን ግን ነበረች፤ ጆይስሊን ጀፕኮስጌይም ነበረች። ትዕግሥት መጨረሻውን አልጠበቀችም። ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩ ጀፕኮስጌይን ጥላት ሄደች፤ ወደ ሦስት ደቂቃ በሚጠጋ ልዩነት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ገባች። ሴቶች ብቻቸውን በሮጡበት ማራቶን እስከዚያ ቀን ድረስ ከተመዘገበው ሁሉ የፈጠነ ሰዓት ይህ ነው። ሲፋን ሦስተኛ ወጣች።

እነሆ እንግዲህ የደጋፊ ምክር፤ አሠልጣኟ ገመዱ ደደፎ ከእኔ ይልቅ እንደሚያውቅ ባልዘነጋም፥ ሰው ከወንበሩ ላይ ሁኖ መምከር አይከለከልምና። ትዕግሥት ቀደም ብላ ትሂድ። ሰው ከጎኗ ሳለ ወደ መጨረሻው መታጠፊያ አትግባ። ይኸው አሠልጣኝ የሚያሠለጥነው ታምራት ቶላ በፓሪስ ያደረገውን እናስታውስ። ታምራት በተጠባባቂነት ተይዞ ሳለ ሲሳይ ለማ ስለ ተጐዳ በእርሱ ቦታ የገባ ነው። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ. ም. ወደ ቬርሳይ ወጥቶ በሚመለሰው በዚያ ዳገታማ መንገድ፥ እጅግ ቀጥ ያለውን አቀበት ሌሎቹ ሲፈሩት እርሱ ጥሏቸው ወጣ። በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ፥ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን፥ በሃያ አንድ ሴኮንድ ቀድሞ ገባ። ገዛኸኝ አበራ በሲድኒ ካሸነፈ ወዲህ ለኢትዮጵያ ወንዶች የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ይህ ነው። ከመጨረሻው 200 ሜትር ጋር ምንም ጉዳይ አልነበረውም።

በቶኪዮው ሙቀት ቀድሞ መሄድ ይቻል ነበር ወይ? ምናልባት አይቻልም ነበር። የሄደ ሰው በ35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቀልጦ ይቀር ይሆናል። ይህን ከወንበሬ ላይ ሁኜ አልፈርድም። ደግሞም ጀፕቺርቺርን ማሳነስ አይገባም፤ በ2013 ዓ. ም. በሙቀት በተሮጠው ኦሎምፒክም ወርቁን የወሰደች እርሷ ናት። በሎንዶንም በቶኪዮም ትዕግሥትን የቀደመቻት በእግሯ ነው፤ ማንም ሰው በዚህ ላይ ክስ የለውም፤ እኔም የለኝም።

በዚያው በጥቅምት ወር በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ወደ ጠረጴዛው አመጣሁ። ልጄ አጠገቤ ተቀመጠች። መጀመሪያ የቀድሞውን ገጽ ገለጥሁና፥ በሰማያዊ ከተጻፈው ከዚያ ሰው ስም አጠገብ ቅጣቱንና ዓመቱን ጻፍሁ፤ አልሰረዝሁትም፤ ጻፍሁበት። ቀጥዬ ወደ ቺካጎው መስመር ሄድሁ። በቀይ የተሰረዘውን መልሶ ማንጻት ስለማይቻል፥ ከሥሩ አዲስ መስመር አስምሬ 2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ56 ሴኮንድ ብዬ በጥቍር ደገምሁት፤ በጐኑም የጥቅምት 13 ቀኑን ፍርድ፥ ከእርሱም በታች በሰማያዊ የሱቱሜ ከበደን ስምና ሰዓት ጻፍሁ። የሱቱሜን ስም በመጀመሪያው ጊዜ ከቍጣዬ የተነሣ ጭራሹን ሳልጽፈው ቀርቼ ኖሯል። ልጄ ናት ያየችው።

በመጨረሻ የቶኪዮው ባዶ መስመር ቀረ። ጀፕቺርቺርን በጥቍር ጻፍሁ። ከዚያም ብዕሩን ለውጬ በሰማያዊ «ትዕግሥት አሰፋ፥ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ፥ ሁለተኛ» አልሁ። ልጄ «የኡራጓይዋንም ይጻፉላት፤ እማማ ይጠይቃሉ» አለችኝ። እርሷንም ጻፍኋት፤ 2 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ። ባለቤቴም ከወዲያ ቡናው መቀዝቀዙን ነገረችኝ።